ቅርብ ለሚያዩ ጠላቂዎች

ስጦታ ያን ቀን ጠዋት ከጓዳ ብቅ እንዳለች ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ካፖርት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና «እንዴት አደሩ?» አለችው። ካፖርቱ የሟች አባቷ ነው። መልስ ስታጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ የእሱንም ድርሻ ራሷ ጨረሰችለት። እናቷ ወይዘሮ ሸጊቱ መደቡ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ፣ ወደ ምስራቸው ተመለሱ። በዚያች አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ባላት የቀበሌ ቤት ውስጥ ከፋሲካ ወዲህ ከካፖርቱ የተሻለ የሚናገር ሰው አልነበረም። ስጦታ ቀረብ ብላ የካፖርቱን ቁልፍ ስታይ ነገሩ ገባት። ሻይዋን ቀዳችና በቆመችበት ትጠጣ ጀመር።

ሰው አብዳለች ይል ነበር። አላበደችም። የስጦታ ዓይን እስከ ክንዷ ድረስ እንደማንኛችንም ያያል፤ እንዲያውም ይበልጠናል፤ በአውራጃው እርሻ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆና ስትሠራ አንዲት ፊደል ተሳስታ አታውቅም። ከክንዷ ወዲያ ያለው ዓለም ግን ወተት ጠብ የተደረገበት ውሃ ነው። ሰውም፣ አህያም፣ የስልክ እንጨትም ለእሷ የቆመ ነገር ነው። ይህን ወይዘሮ ሸጊቱ የደረሱበት ልጅቷ ገና ነፍስ ሳታውቅ ነው፤ ደርሰውበትም አንድ ውሳኔ ወሰኑ። «ዕውር ናት ከሚሏት ኩሩ ናት ይበሏት» አሉ ለባላቸው። ኩሩ ሴት ባል አታጣም፤ ዓይነ ደካማን ማን ያገባል? ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ሴት «ምነው ልጅሽ ዘግታኝ አለፈች?» ብላ በመጣች ቁጥር፣ «ተያት፤ እሷ እኮ እኔንም አትቆጥረኝ፤ በአያቷ ወጥታ ነው» እያሉ የልጃቸውን ስም በገዛ አፋቸው አጠፉት። እኛ ደባርቆችም፣ የገዛ ወንድሟም ሳይቀር፣ አመንን። ቢሰድቡን እንረሳለን፤ ሰላምታ የነፈገንን ሰው ግን አንረሳም። ባልም አልመጣም። መነጽር ለማሠራት አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት፣ ለይለፍ ወረቀቱ ደግሞ ምክንያት። ምክንያቱን ቀበሌ ከሰማው ከተማው ሰማው ማለት ነው።

ጉዳቱ የደረሰው በታናሽ ወንድሟ በክንዴ ላይ ነው። ክንዴ ዳባት ላይ አንዲት ልጅ ወደደ። አባቷ አቶ መንግስቴ ሽማግሌ ለመቀበል እሺ ብለው፣ በፋሲካው ገበያ ጎን ለጎን እየሄዱ ሲጫወቱ፣ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ዳባት የሄደችው ስጦታ ከፊት ለፊታቸው መጣች። «እቺውላት እህቴ! የመንግሥት ሠራተኛ ናት» አለ ክንዴ ደረቱን ነፍቶ። ስጦታ እግሯን ከጭቃ ለማዳን መሬት መሬቱን እያየች፣ ነጠላዋ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው፣ አለፈችው። ስሟን ጠራ፤ በገበያው ጫጫታ አልሰማችም። አቶ መንግስቴ ቆም ብለው ጀርባዋን አዩና «እህቱ ያልቆጠረችውን እኔ ምን ብዬ ልቁጠረው?» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ክንዴ ቤት መጥቶ ለእህቱ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ፤ ለስንብት እንኳ አልመጣም። ያን ዕለት ወይዘሮ ሸጊቱ «አታይም እኮ» ቢሉት ያበቃ ነበር። ቃሉ አፋቸው ድረስ መጣ፣ ዋጡት። ስጦታም የእናቷን አፍ ጠብቃ ዝም አለች። እናትና ልጅ ያቺን አንዲት ቃል ሳያወጡ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ ስጦታ ቆሞ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ማለት የጀመረችው። ማንንም ዳግመኛ ላታልፍ ማለች። የስልክ እንጨቶች «ደህና ዋላችሁ?» ተብለዋል። የጨው ጭነት የተሸከመች አህያ ስለ ልጆቿ ጤና ተጠይቃለች። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተደገፈ የማዳበሪያ ጆንያ «ጤና ይስጥልኝ ጓድ ሊቀመንበር» ተብሎ ሊቀመንበሩ ከኋላዋ ቆመው ሰምተው፣ ነገሩ አሽሙር መስሏቸው አኩርፈዋል። በዚህ ዓይነት ኩሩ የነበረችው ልጅ እብድ ሆነች፤ የትኛው እንደሚሻል ወይዘሮ ሸጊቱም መወሰን አቃታቸው።

ያን ቀን ጠዋት፣ ስጦታ ሻይዋን ሳትጨርስ፣ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። ሥልጠናቸውን የፈጸሙ የእናት አገር ልጆች ከጎንደር ተነሥተው ከቀትር በኋላ በደባርቅ በኩል ወደ አዲ አርቃይ ስለሚያልፉ፣ ኅብረተሰቡ ወደ ሊማሊሞ መውጫ ወጥቶ በመፈክር እንዲሸኝ፣ የማይወጣ ራሽኑን እንዳይጠይቅ ይላል። ክንዴ ከእነሱ መካከል እንደሆነ አብሮት የሠለጠነ የጎረቤት ልጅ ቀደም ብሎ መልእክት ልኮ ነበር። መኪኖቹ ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ፍሬን ለማስፈተሽ ትንሽ ይቆማሉ፤ ሰው ከገመድ ወዲያ ሆኖ ያያል፣ ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲያ ጦርነት ነው። ስጦታ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉ የተላጨ ራስና አንድ ዓይነት ልብስ መካከል ወንድሟን ለይታ፣ እሱ ዓይኑን ሳያዞርባት፣ ቀድማ ሰላም ልትለው። ይህን ማድረግ እንደማትችል ደግሞ ካፖርቱ ነግሯታል።

«በአገኘሁ ሱቅ መነጽር መጥቷል ይላሉ» አሉ ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ከምስሩ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

«የምን መነጽር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ከሶሻሊስት አገር ነው አሉ።»

ይህ ከፋሲካ ወዲህ በዚያ ቤት የተነገረ ረጅሙ ንግግር ነበር። ነጠላቸውን ለበሱና ወጡ፤ እናት ከፊት፣ ልጅ የእናቷን ነጠላ ጥለት እያየች ከኋላ። መንገድ ላይ ወይዘሮ ሸጊቱ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይዞሩ ያንሾካሹኩላት ጀመር። «በቀኝ ሸማኔው ነው፣ ሰላም በይው። ይሄኛው በሬ ነው፣ ተይው።» ስጦታ የታዘዘችውን አደረገች። እስከ ሱቁ በር ድረስ ማንንም አልበደለችም፤ ሸማኔው ግን ደንግጦ ቆሞ ቀረ።

የኅብረት ሱቁ ላምባና ሳሙና ይሸታል። ስኳር የለም፤ ዘይት ለወሩ መጨረሻ ተብሏል፤ የሸራ ጫማ መጥቶ ነበር፣ የግራ እግር ብቻ። በዚህ መካከል ባንኮኒው ላይ አንድ የተከፈተ ሳጥን ተቀምጧል፤ ውስጡ ጥቁር ላስቲክ፣ ወፍራም መስታወት፣ ዓይንንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን፣ ከኋላ ማሰሪያ ያለው ነገር። ባለሱቁ አገኘሁ ሳጥኑ ከወዳጅ አገር እንደመጣና በምን ምክንያት ደባርቅ እንደደረሰ ማንም እንደማያውቅ ነገራቸው። አንዱ የብየዳ ነው ብሎታል፤ ሌላው ማር ለሚቆርጥ ሰው ነው ብሏል። አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ተተርጉሞ የተለጠፈበት ወረቀት ግን «የመጥለቂያ መነጽር፤ ቅርብ ብቻ ለሚያዩ ጠላቂዎች» ይላል። ጠላቂ ማለት ባሕር ውስጥ ገብቶ የሚዋኝ ሰው እንደሆነ እኛ ያወቅነው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደባርቅ ላይ የሚጠልቅ ነገር ፀሐይ ብቻ ነበር። አገኘሁ ወረቀቱን በገባው መንገድ ተረድቶታል። «የሚጠለቅ ማለታቸው ነው፤ በራስ የሚጠለቅ፣ እንደ ኮፍያ። ጽሕፈቱ ላይ አንዲት ፊደል ተሳስተዋል።»

«ይህ ላይ ላዩን ማየት ነው ጓድ አገኘሁ!» አለ ከጥግ አንድ ድምፅ። ስጦታ የላምባ በርሜል መስሏት ልታልፈው የነበረው ጓድ ሀብተ ሚካኤል ነው፤ የከተማው ካድሬ፣ ከፖለቲካ ትምህርት ቤት ገና የተመለሰ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን የተማረውን የሚያሳርፍበት ያጣ ወጣት። ስጦታ አሁን ለተናገረው በርሜል አጎንብሳ «እንዴት አረፈዱ?» አለች። ጓድ ሀብተ ሚካኤል ሳጥኑን በሁለት እጁ ያዘና አብራራ። ጠላቂ ማለት በንድፈ ሐሳብ የጠለቀ ሰው ማለት ነው፤ ይህ አያከራክርም፤ ወዳጅ አገሮች ዕቃ የሚልኩት ለነቃ ሰው ነው። አስቸጋሪው «ቅርብ ብቻ የሚያዩ» የሚለው ነው። የጠለቀ ሰው እንዴት ቅርብ ብቻ ያያል? ሳጥኑ ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ ነሥቶት ነበር፤ በመጨረሻ ተገለጸለት። «የተቃራኒዎች አንድነት ነው!» አለ፣ ባንኮኒውን መታ አድርጎ። «ቅርብ የሚያይ፣ ግን የጠለቀ! እንዲህ ያለ ሰው ደባርቅ ላይ ካለ መነጽሩ ይገባዋል።»

«እኔ ቅርብ ብቻ ነው የማየው» አለች ስጦታ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ተናግራው አታውቅም። ወይዘሮ ሸጊቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጓድ ሀብተ ሚካኤል ግን ስለ ዓይን መናገሯ እንደሆነ አልገባውም፤ ግለ ሒስ መሰለው፣ አከበራት።

«መጥለቅሽንስ? እስቲ ስለ መጠንና ዓይነት ለውጥ አስረጂኝ።»

ስጦታ ስለ መጠንም ስለ ዓይነትም የምታውቀው የለም። ነገር ግን የውይይት ክበቡን ጽሑፍ ሁሉ በየሳምንቱ በታይፕ የምትመታው እሷ ናት። ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችና እንደሚነበብላት ሁሉ ጀመረች፦ «የመጠን ለውጥ ቀስ በቀስ ተጠራቅሞ ነጠላ ሠረዝ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ ዓይነት ለውጥ ይሸጋገራል አራት ነጥብ አዲስ መሥመር። ውሃን ለምሳሌ ብንወስድ…» ጣቶቿ ባንኮኒውን እየደበደቡ እስከ ገጹ ግርጌ ወረደች፤ «ይቀጥላል» ብላ ቆመች። ጓድ ሀብተ ሚካኤል ሳጥኑን ወደ እሷ ገፋላት። ዓይኑ እርጥብ ሆኖ ነበር። «ጠልቀሻል» አለ። በአንድ ሁኔታ ብቻ ፈቀደላት፤ የወዳጅ አገርን እርዳታ ሕዝቡ እንዲያየው ዛሬ ከሰዓት በፊተኛው ረድፍ፣ ከመፈክሩ ሥር፣ አጥልቃው እንድትቆም።

ከዚህ በኋላ መምረጥ መጣ። ያን የመሰለ ከባድ ምርጫ ያ ሱቅ አይቶ አያውቅም፤ ምርጫ የሚባል ነገርም አያውቅም ነበር። በየመነጽሩ ላይ የመቀነሻ ምልክትና ቁጥር አለ። አገኘሁ ሁለት፣ አራትና ስድስት የሚሉትን ከፊቷ ደረደረላት። «ይቺ ሁለት ይጎድላታል፤ ይቺ አራት፤ ይቺኛዋ ስድስት ይጎድላታል። ዋጋቸው አንድ ነው። እኔ ብሆን ብዙ ያልጎደላትን ነበር የምወስድ» አለ በቅንነት። ስጦታ ሁለት የጎደላትን አጠለቀች፤ ወተቱ ትንሽ ቀጠነ እንጂ ያው ነው። አራት የጎደላት መደርደሪያውን ከግድግዳው ለየችላት። ስድስት የጎደላትን ዓይኗ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ዞረች። በበሩ በኩል ማዶ ያለው ዛፍ ቅጠል አለው፤ አንድ በአንድ። መንገዱን ተሻግራ የቆመች ሴት ጥርሷ ላይ ወርቅ አለ፤ በስጦታም ትስቃለች። አገኘሁ ቅንድብ አለው፤ ተቆጪ መስሎ የሚሰማት ሰውዬ ፊቱ የደከመ የደግ ሰው ፊት ነው። ወደ እናቷ ዞረች። ከሩቅ አይታቸው አታውቅም ነበርና፣ ከባንኮኒው ማዶ ሆና እንዲህ ማርጀታቸውን ገና ያን ጊዜ አየች። «እማዬ» አለች፤ አፍንጫዋ ስለታፈነ «እባዬ» ሆኖ ወጣ።

ችግሩ የመጣው ከሳጥኑ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ ባሉት ሥዕሎች መሠረት መነጽሩ ሳይታሰር ፊት ላይ ተለጥፎ ባፍንጫ አየር ሲሳብ ሳይወድቅ መቆየት አለበት። አራት የጎደላት እንደ ዋግምት ፊቷን ይዛ ቀረች፤ በጉተታ ነው የተላቀቀችው። ስድስት የጎደላት ግን ለሰፊ ወንድ ፊት የተሠራች ስለሆነች ሳሙናው ላይ ዱብ አለች። «መመሪያው የማይጣበቅ አይሰጥም ይላል» አለ ጓድ ሀብተ ሚካኤል፤ ክዳኑን ለሁሉም እያሳየ። በሌላኛው ሥዕል ላይ አንድ ፈረንጅ መስታወቱ ውስጥ ይተፋል፤ ይህን ማናችንም ልንገልጸው አልቻልንም፣ አገኘሁ ግን «ጎብጦ ነው የተሣለ፤ እያስነጠሰው ነው» አለ። ስጦታ በአንድ እጇ የምታይባትን፣ በሌላው እጇ የምትይዛትን ይዛ ቆመች። ፊቷን የያዘችው አታሳያትም፤ የምታሳያት አትይዛትም። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ወይዘሮ ሸጊቱ ያን ጊዜ ተቆጡ። «እኛ የመጣነው ለዓይን ነው ወይስ ለማስቲሽ?» አሉ። ከራሳቸው ላይ ሻሻቸውን ፈቱ፤ ሽበታቸው በሰው ፊት ታየ፤ ሻሹን አጣጥፈው ከልጃቸው ጉንጭና ከላስቲኩ መሀል ወተፉት፣ ማሰሪያውን ከኋላ ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት። «ስድስት የጎደላትን ነው። ተቀበል ብርህን።» ካድሬውም እንዲህ ያለ ቁጣ መመሪያ ውስጥ ስላላገኘ ክዳኑን ወደ ሳጥኑ መለሰ።

ከቀትር በኋላ ደባርቅ በሙሉ ሊማሊሞ መውጫ ላይ ነበረ። ብርዱ ከገደሉ በኩል ይመጣል። ስጦታ ከመፈክሩ ሥር፣ ከገመዱ ፊት፣ ጭንብሏን አጥልቃ ስትቆም ያልሳቀ የለም፤ እኔም ስቄያለሁ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ወታደር የጫኑት ኦራል መኪኖች ከታች ሲያጓሩ መሰማታቸውና የስጦታ መስታወት በትንፋሿ ጉም መልበሱ አንድ ጊዜ ሆነ። አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችው፤ መልሳ ስታጠልቀው መልሶ ጉም ሆነ፤ ደግማ አወለቀችው። «እማዬ፣ አላይም! መጡ እኮ፣ አላይም!» ብላ ጮኸች። ወይዘሮ ሸጊቱ ስለ መስታወት የሚያውቁት የለም። እናት የምትችለውን አደረጉ፤ ጭንብሉን ከእጇ ወስደው ወደ ውስጡ «እንትፍ! እንትፍ! ብርሃኑን ያብራልሽ፣ የቸገረሽን ያሳይሽ» ብለው መረቁት፤ በነጠላቸው ጫፍ አሹትና መልሰው አጠለቁላት። መስታወቱ ጠራ። ዳግመኛም ጉም አልያዘም።

የመጀመሪያው መኪና ቆመ። ስጦታ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም ልጆች ናቸው፣ የማንኛቸውም ራስ ላይ ፀጉር የለም። ክንዴ የለም። ሁለተኛው ከጎኑ መጥቶ ቆመ። በስተኋላ በኩል፣ ብረቱን ይዞ፣ ከስቶ፣ አገጩ ሾሎ፣ ክንዴ። ሕዝቡን እየፈለገ ነው። አኩርፎ የሄደ ሰው አይመስልም፤ አንገቱን ሰግጎ ከዳር እስከ ዳር ይፈልጋል። «ክንዴ!» ብላ ጮኸች፤ በታፈነ አፍንጫ «ክድዴ!» ሆኖ ወጣ። መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩዋትና በሳቅ ፈነዱ። ክንዴም አያት። በቀጥታ ዓይኗን አያት፣ ጥርሱን አሳይቶ ሳቀ። እጇን አነሣች። እሱ ግን ሳቁን ሳይጨርስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ወደ ጎረቤቶቹ፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ዛፎቹ አሳለፈ። እህቱ ከፊቱ ቆማ እህቱን ይፈልጋል። አለፋት። ስጦታ ያን ቀን ዳባት ገበያ ላይ እሱ ምን እንደተሰማው በደንብ አየችው፤ ከዚያ በላይ ልታየው አትችልም ነበር።

ሞተሩ ተነሣ። ጭንብሉን ከነሻሹ ከፊቷ መነጨቀችው። ክንዴ፣ መኪናው፣ ሰማዩ፣ ሁሉም አንድ ካኪ ወተት ሆነ። ወደዚያ ወተት በገዛ ድምፅዋ ጮኸች። «ክንዴ! እኔ ነኝ! ዳባት አላየሁህም ነበር! ንቄህ አይደለም፣ ዓይኔ ነው፣ ከሩቅ አያይም! ከልጅነቴ ጀምሮ አያይም!» ጓድ ሀብተ ሚካኤል የመፈክሩን ንባብ አቋረጠ። ደባርቅ በሙሉ ሰማ። የስንቱ ዓመት ኩርፊያችን በአንድ ጊዜ እጃችን ላይ ቀረ፤ የምናደርግበት አጣን። ወይዘሮ ሸጊቱ ሻሽ በሌለው ራሳቸው ገመዱን አልፈው ወጡ፣ ሚሊሺያው ሊይዛቸው አልደፈረም፣ ልጃቸው አጠገብ ቆመው ያን ሁሉ ዓመት የዋጡትን ቃል ለቀቁት። «አታይም ልጄ! እህትህ አታይም! የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ኦራሎቹ ወደ ቁልቁለቱ ተንደረደሩ። አቧራና ጭስ ሆነ። ከዚያ ከጭሱ ውስጥ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ፣ የክንዴ ጩኸት መጣ፤ ንዴትም ሳቅም የተቀላቀለበት።

«ታዲያ ለምን አወለቅሽው?»

«እንድታየኝ ነዋ!» ብላ መለሰች ስጦታ፤ ወደ ሌላኛው መኪና ዞራ ነበር። ወይዘሮ ሸጊቱ ትከሻዋን ይዘው ወደ ክንዴ አዞሯት።